እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ያነበብኩት ታሪክ

ባለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ ደውሎ "የእማዬን ቤት ልናስለስነው ነው፣ ሲሚንቶው ተገዝቷል" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ያ ግድግዳ የመጀመሪያው የታሪክ መጽሐፌ ነው።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ። "ታሪክ የት ይገኛል?" ስላችሁ መልሳችሁ ሁሌም የፋሲል ግንብ፣ ላሊበላ፣ አክሱም ነበር። ዛሬ ስለ ጭቃ ቤት ላውራችሁ።

በእኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤት ማሳመር የሴቶች ሥራ ነው፤ ወጪውም ጉልበት ብቻ። ወንዱ ማግሮ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ከመረገ በኋላ ሴቷ ትረከበዋለች። እበትና አመድ በጥብጣ ትለቀልቀዋለች። ነጩና ቀዩ አፈር ከየትኛው ገደል ሥር እንደሚቆፈር የምታውቀው እሷ ናት። መደቡን ታስተካክላለች፣ ጎታውን ትሠራና ጭቃው ሳይደርቅ በጣቷ መስመር ታወጣበታለች። ከአክርማና ከስንደዶ የሰፋችው ሰፌድ ሥራ ሲፈታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ንድፉን ከማን ተማረችው ካላችሁ ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙዎቹ የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያረፉት ጭቃው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ስለዚህ ግድግዳን በሌላ ነገር ማልበስ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጋዜጣ መጣ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እኛ መንደር የደረሰው ግን ቆይቶ፣ ያውም የስኳርና የቡና መጠቅለያ ሆኖ ነው። እናቴ እንደምትለው ግድግዳ ላይ የወጣው ከቆርቆሮ ክዳን ጋር ነው። ሣር ቤት ውስጥ እሳቱ እዚያው ስለሚነድ ወረቀት ቶሎ በጭስ ይጠቁራል። ማድ ቤቱ ለብቻው ሲወጣ ወረቀትም ዕድሜ አገኘ። ዱቄት በውሃ አፍልቶ መለጠፍ ነው። የጉናን ብርድ ይቀንሳል፣ አፈር እንዳይራገፍ ይይዛል፣ ቤቱንም ያበራል። (ትኋኑንም ከጀርባው ይመቸው ነበር፣ አልዋሽም።)

ብልሃቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዎከር ኢቫንስ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1935 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያነሳው የአንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ቤት አለ፤ ግድግዳው የማስታወቂያ ካርቶን ለብሷል። ሳየው ትዝ ያለኝ የአክስቴ ቤት ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ገና ልጃገረድ ነበረች። ኋላ ትዳር ይዛ የሚነበብ ነገር ስታጣ ግድግዳዋን ታነብ ነበር። እኔም ከሷ ወረስኩ። በ1990 የባድሜ ጦርነት ሲጀመር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዜናው ከመደቡ በላይ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ እኔም መደቡ ላይ ተዘቅዝቄ አነበብኩት። ግማሹ ጎታው ኋላ ገብቷል። የሚታየው ግማሽ ደግሞ መጨረሻው ላይ "ወደ ገጽ 5 ዞሯል" ይላል፤ ገጽ 5 የተለጠፈው ከጭቃው ጋር ነው!

ማጌጫው ሁሉ ግን የደስታ አልነበረም። ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት ወረዳዎቻችን ሲገባ የእርዳታው ስንዴ ኬሻ ተተርትሮ፣ ታጥቦ ኮርኒስ ሆነ። የዘይቱ ቆርቆሮም አበባ ተተከለበት። እናቴ ኬሻውን ስትሰፋ ጽሑፉን ወደ ጣሪያው፣ ንጹሑን ወደ እኛ አደረገችው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ በጥር ሄድኩ። ግንበኛው ግማሽ ቀን ታገሰኝ። በሞቀ ውሃ እየነከርኩ መላጥ ጀመርኩ። ላይኛው የባንክ ካላንደር ነው። ከሥሩ የ1997 ምርጫ ማስታወቂያ፣ ከሥሩ ባድሜ፣ ከሁሉም ሥር ሠርቶ አደር፣ የኢሠፓ ጋዜጣ። መንግሥት ሲቀየር ማንም አሮጌውን አልላጠም፣ በላዩ ለጠፉበት እንጂ። ጋይንት ቤተልሔም ትዝ አለኝ። ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ሲደርስ ከውጭ የሚታየው ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ውስጡ ግን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ ሊቀመንበሩን ለምን ጓዳ በር አጠገብ ለጠፍሽው?" አልኳት።

"አንተ ደግሞ! ቀዳዳ ነበረ እኮ። ትልቁ ወረቀት እሱ ነው።"

ታሪክ አስተማሪው ልጇ የፖለቲካ ምክንያት እየጠበቀ ነበር።

ጎታውን ማትረፍ አልቻልኩም። እዚያው ቤት ውስጥ ስለተሠራ በበር አይወጣም፤ ሰበሩት። እናቴ ሥራ ያላት መስላ ውጭ ቆየች። ከጎታው ኋላ የቀረውን የባድሜ ዜና ላነብ ሮጬ ነበር፤ አይጥ በልቶታል።

ሰባት ቁራጭ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ባለቤቴ "የትኋን ዘር አመጣህብኝ" ብላ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አሁን የባድሜው ቁራጭ ከአናጢ በለመንኩት ቁርጥራጭ እንጨት ፍሬም ገብቶ፣ ከእናቴ ሰፌድ ጎን የተከራየናት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ የሚጠይቀን ስለሱ ነው። ሰቅዬዋለሁ ተዘቅዝቆ፣ እንደነበረው።

ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ያላችሁ ልጆቼ፦ ቤታችሁ ሊለሰን ከሆነ ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ግድግዳውን በስልካችሁ አንሱት። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተለጠፈ እናታችሁን ጠይቁና ጻፉት። ጎታ ካለ ደግሞ እሷንም አጠገቡ አቁማችሁ አንሷት። በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እየሰበሰብኩ ነው።