ድምፅና ወንበር፤ የኬራላ ሕዝብ ሁለት ምርጫዎች



ከብዙ ዓመታት በፊት በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ሲያስተምሩ ከነበሩት የሕንድ መምህራን አያሌዎቹ የመጡት ከኬራላ ነበር። ኬራላ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በባሕርና በተራራ መካከል የተዘረጋች ጠባብ ምድር ናት። አባቶቻችን የእነዚያን መምህራን አነጋገርና ጥብቅነት እያነሡ ያጫውቱናል፤ ትተዋት ስለ መጡት አገር ግን የሚነገረው እምብዛም ነው። በዛሬው ንግግራችን በዚያች ግዛት በ1957 እና በ1960 ስለ ተደረጉት ሁለት የምክር ቤት ምርጫዎች እናወሳለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕንድ ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ግዛቶቿን በቋንቋ መሠረት ባደራጀች ጊዜ፣ የማላያላም ቋንቋ የሚነገርበት የትራቫንኮርና የኮቺን ምድር ከማላባር ጋራ ተዋሕዶ ኬራላ የተባለው ግዛት ኖቬምበር 1 ቀን 1956 ተቋቋመ። በዚያ ሂንዱው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራል፤ የፊደል ዕውቀትም ከሌሎቹ የሕንድ ግዛቶች ይልቅ ተስፋፍቶ ነበር። ከገበሬው ብዙው ግን የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበርና ባለርስቱ እንዳያስለቅቀው ሲሠጋ ይኖር ነበር።

አዲሱ ግዛት በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1957 መጀመሪያ ላይ፣ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ለመምረጥ ተጠራ። በዚያን ዘመን የሕንድ መራጭ በወረቀት ላይ ምልክት አያደርግም ነበር። ለየዕጩው አንዳንድ ሣጥን ይቀመጥለታል፤ በሣጥኑም ላይ የዕጩው ምልክት ይለጠፋል። የኮንግረስ ፓርቲ ምልክት በቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች፣ የኮሙኒስቶቹም የእህል ዛላና ማጭድ ነበር። መራጩ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ገብቶ ወረቀቱን በወደደው ሣጥን ይጥላል፤ ማንበብ አለመቻሉም አያግደውም። የኛም ሕዝብ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በዚያው በ1957፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር።

ሣጥኖቹ ተከፍተው ሲቆጠሩ ከ126ቱ ወንበሮች 60ው ለኮሙኒስት ፓርቲ፣ 43ቱ ለኮንግረስ፣ 9ኙ ለሶሻሊስቶች ደረሱ። የቀሩትን 14 ያገኙት በግል የቀረቡና በሙስሊም ሊግ የተደገፉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አምስቱ ከኮሙኒስቶቹ ጋራ ቆሙ። ስለዚህ ኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ ኤፕሪል 5 ቀን 1957 የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ሆኑ። እኚህ ሰው የባለጸጋ ብራህማን ባለርስት ልጅ ሲሆኑ የወረሱትን ሀብት ለፓርቲያቸው የሰጡ ናቸው። ኮሙኒስቶች በጠመንጃ ሳይሆን በምርጫ ሣጥን ሥልጣን ያዙ ተብሎ በዋሽንግተንም በሞስኮም ብዙ ተወራ።

በወሬው መካከል ግን አንድ ነገር ተሸፍኖ ቀረ። ከ100 ድምፅ 38 ያህሉን ያገኘ ኮንግረስ ነው፤ ኮሙኒስቶቹ ያገኙት 35 ያህል ነበር። ብዙ ድምፅ ያለው ተሸንፎ፣ ያነሰው አሸነፈ ማለት ነው። ምክንያቱም በሕንድ ሕግ በአንድ የምርጫ ቀበሌ የሚያሸንፈው ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ እንጂ የግድ ከግማሽ በላይ ያገኘ አይደለም። ሺህ ሰው በመረጠበት ቀበሌ አንዱ ዕጩ 400፣ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 250 ቢያገኙ ወንበሩ የባለ 400ው ነው፤ የ600ው ሰው ድምፅ ለሁለት ስለ ተከፈለ ከንቱ ይሆናል። በ1957 ለሁለትና ለሦስት የተከፈለው የኮሙኒስቶቹ ተቃዋሚዎች ድምፅ ነበር።

አዲሱ መንግሥት በተሾመ በሳምንቱ ጭሰኛን ከመሬቱ ማስለቀቅን በደንብ ከለከለ። ቀጥሎም ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። በኬራላ ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበራት እጅ ስለ ነበሩ፣ መንግሥት የአስተማሪዎቹን ደመወዝ እኔ ልክፈል፣ አቀጣጠራቸውንም ልቆጣጠር ማለቱ ትልቅ ጠብ አስነሣ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በማናቱ ፓድማናብሃን የሚመራው የናየሮች ማኅበርና ኮንግረስ በ1959 በአንድነት ተነሥተው ሕዝቡን ወደ አደባባይ አወጡት። በጁን ወር አንጋማሊ በተባለች ከተማ ፖሊስ ተኩሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነሕሩ አመንትተው ነበር፤ የኮንግረስ ሊቀ መንበር የነበሩት ልጃቸው ኢንዲራ ጋንዲ ግን አላመነቱም። ጁላይ 31 ቀን 1959 የኬራላ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ በ356ኛው አንቀጽ መሠረት በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተሻረ። መንግሥቱ ስሕተት አልሠራም አልልም፤ ነገር ግን በተሻረበት ቀን በምክር ቤቱ የነበረው የድምፅ ብልጫ አልጠፋም ነበር።

በፌብሩዋሪ 1960 ሕዝቡ እንደገና ተጠራ። በዚህ ጊዜ ልዩ ልዩ ሣጥን ቀርቶ መራጩ በአንድ ወረቀት ላይ ምልክት እንዲያደርግ ተደረገ። በ1957 ከ100 መራጭ 65 ያህሉ ድምፅ ሲሰጥ፣ በ1960 ከ80 በላዩ ሰጠ። የኮሙኒስቶቹም ድምፅ ቀድሞ ከነበረው ከ35 ወደ 39 ከፍ አለ። ከፓርቲዎቹ ሁሉ እንደ እነርሱ ብዙ ድምፅ ያገኘ አልነበረም፤ ነገር ግን ወንበራቸው ከ60 ወደ 29 ወረደ! ኮንግረስ፣ ሶሻሊስቶቹና ሙስሊም ሊግ አስቀድመው ተስማምተው በየቀበሌው አንድ ዕጩ ብቻ አቅርበው ነበርና። ኮንግረስ ከ100 ድምፅ 34 ያህል ይዞ 63፣ ሶሻሊስቶቹ 20፣ ሙስሊም ሊግ 11 ወንበር ወሰዱ።

ድሉን መካፈል ግን እንደ ማሸነፉ ቀላል አልሆነም። ዋና ሚኒስትርነቱ 20 ወንበር ለነበራቸው ለሶሻሊስቶቹ መሪ ለፓቶም ታኑ ፒላይ ተሰጠ። ለሙስሊም ሊግ የደረሰው የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤነት ብቻ ሲሆን ከሚኒስትርነት አንድም አላገኘም። ፓቶም ታኑ ፒላይ በ1962 የፑንጃብ ገዥ ሆነው ወደ ሩቁ ሰሜን ሲሾሙ ሥልጣኑ በኮንግረስ እጅ ገባ፤ ኅብረቱም ከውስጥ ተፈታ።

ናምቡዲሪፓድ የ1960ውን ትምህርት አልዘነጉም። ፓርቲያቸው በ1964 ለሁለት ቢከፈልም፣ በ1967 ምርጫ ሁለቱን የኮሙኒስት ወገኖች፣ ሙስሊም ሊግንና ሌሎችን ጨምረው የሰባት ፓርቲዎች ኅብረት አቁመው ቀረቡ። በማርች 1967 እንደገና ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ለብቻው የቆመው ኮንግረስም ከ100 ድምፅ 35 ያህል፣ ማለት ኮሙኒስቶቹ በ1957 አግኝተው መንግሥት ያቆሙበትን ያህል፣ አግኝቶ ሳለ ከ133 ወንበሮች የደረሱት 9 ብቻ ነበሩ።