በጾም ቀን ከካሎሪ ገደቡ ትንሽ ማለፍ የሳምንቱን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል?

ቀኑን በአንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ በጎመንና በውኃ ያሳለፈ ሰው አመሻሽ ላይ የበላውን ሲደምር፣ ከተፈቀደለት 500 ካሎሪ በ80 ማለፉን ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፤ ጾሙ አንዴ ተገድፏል፤ ከእንግዲህ መጠንቀቁ ምን ይጠቅማል? ራትም እንደ ወትሮው ይቀርባል።

ልፋቱን የሚያበላሸው ግን 80ው ካሎሪ ሳይሆን ይህ ውሳኔ ነው።

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ በሚል ስም የታወቀው፣ መብላትንና መታቀብን የሚያፈራርቀው የአመጋገብ ሥርዓት በርካታ መልኮች አሉት። በቀን ውስጥ ለ16 ሰዓታት ሳይበሉ ቆይቶ በቀሪዎቹ 8 ሰዓታት መመገብ አንዱ ነው፤ በዚህኛው መለኪያው ሰዓት በመሆኑ የካሎሪ ገደብ አይነሳም። ገደቡ ጥያቄ የሚሆነው በሳምንት አምስት ቀን እንደ ልማድ ተመግቦ፣ በሁለቱ ቀናት ምግብን ወደ ሩብ ገደማ ዝቅ በሚያደርገው 'አምስት ለሁለት' በሚባለው ሥርዓት ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት ለሴቶች 500፣ ለወንዶች 600 ካሎሪ ይፈቀዳል።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ሥርዓቱን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ብሪታኒያዊው ሐኪምና የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክል ሞስሊ ነው። በአውሮፓውያኑ 2012 በቢቢሲ በቀረበ ዘጋቢ ፊልም ላይ በራሱ ሰውነት ሞከረው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በመጽሐፍ መልክ ወጣ።

የብሪታኒያ የጤና አገልግሎት ለአማካይ ሴት በቀን 2000፣ ለአማካይ ወንድ 2500 ካሎሪ መነሻ አድርጎ ያስቀምጣል። የሴቷ ሩብ 500 ነው። የወንዱ ሩብ ግን 625 ሆኖ ሳለ ለወንዶች የተሰጠው ቁጥር 600 ነው። ይህ ብቻውን ቁጥሮቹ በድንበርነት የተተከሉ ሳይሆኑ ለአያያዝ የሚመቹ ግምቶች መሆናቸውን ያሳያል።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃም አለ። ለሥርዓቱ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በማንችስተር በሚሼል ሃርቪና ባልደረቦቿ ተሠርቶ በ2011 የታተመው ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 107 ሴቶች ለስድስት ወራት ተከታትለዋል፤ ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ሌሎቹ ደግሞ በየቀኑ ምግባቸውን ቀነሱ። በሁለቱ ቀናት የተፈቀደው ወደ 650 ካሎሪ የሚጠጋ ነበር። ውጤቱ ሲታይ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 6.4 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 5.6 ኪሎ ቀንሰዋል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም የሚሰጠው አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ በ580 ካሎሪ "ተሳሳትኩ" የሚል ሰው፣ በዚያ ጥናት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ገና ከገደቡ በታች ነበር።

ሞስሊ ራሱም ኋላ ላይ ገደቡን ከፍ አድርጎታል። በ2024 ሲሚ በተባለች የግሪክ ደሴት ሕይወቱ ያለፈው ይህ ጋዜጠኛ፣ ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣው መጽሐፉ 800 ካሎሪን አዲሱ መለኪያ አድርጎ አቅርቧል።

የሳምንቱ ሒሳብ

ሰውነት በ501ኛው ካሎሪ ላይ የሚዘጋ በር የለውም። በቀን 2000 ካሎሪ የሚያስፈልጋት ሴት በሁለቱ ቀናት 500፣ 500 ብትመገብ የሳምንቱ ጉድለት 3000 ይሆናል። በሁለቱም ቀናት 580 ብትመገብ ደግሞ 2840። የአንድ ኪሎ ስብ ጉልበት በተለምዶ 7700 ካሎሪ ገደማ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ የጠፋው 160 ካሎሪ ከ21 ግራም ስብ ጋር ይመጣጠናል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ የቤት ሚዛን የለም። ያቺው ሴት ተስፋ ቆርጣ ከሁለቱ ቀናት አንዱን ወደ ተራ ቀን ብትለውጠው ግን የምታጣው 1500 ካሎሪ ነው፤ የሳምንቱ ጉድለት ግማሽ ማለት ነው።

በቺካጎ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ክሪስታ ቫራዲና ባልደረቦቿ ያካሄዱትና በ2017 የታተመው ጥናት ይህን በተግባር አሳይቷል። 100 ሰዎች የተካተቱበት ሲሆን፣ አንደኛው ቡድን አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን እንዲመገብ ታዘዘ። ተሳታፊዎቹ በጾም ቀናት ከታዘዘው በላይ፣ በመብል ቀናት ደግሞ ከታዘዘው በታች ሲበሉ ተገኙ። እንዲህም ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ የቀነሱት ክብደት በየቀኑ ምግባቸውን ከቀነሱት ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፦ ከጿሚዎቹ 38 በመቶው ጥናቱን አቋርጠው ወጡ፤ በየቀኑ ከቀነሱት ቡድን ያቋረጡት 29 በመቶ ናቸው። ጥብቅነት ሰውን ከመንገዱ ያስወጣ እንደሆነ እንጂ በራሱ ክብደት አይቀንስም።

"ትንሽ" ስንት ነው?

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የካሎሪ ቆጠራ የሚመስለውን ያህል ትክክለኛ አይደለም። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ መሠረት በማሸጊያ ላይ የተጻፈው የካሎሪ መጠን ከእውነተኛው እስከ 20 በመቶ ቢያንስ ይታለፋል። ስለዚህ 540 ብሎ የመዘገበ ሰው በእርግጥ የበላው 540 መሆኑን ማንም ሊምልለት አይችልም።

የከፋው ደግሞ ሰው ሲሳሳት ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ነው። በ1992 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ "በጣም ትንሽ እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለ" ያሉ አሥር ሰዎች ሲመረመሩ፣ የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው ይናገሩ ነበር። ያውም ሊያታልሉ ሲሉ ላይሆን ይችላል።

ይህ በምሥራቅ አፍሪካ ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚከሰት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ሲሠራ ስንት ማንኪያ እንደገባ የሚያውቀው ያበሰለው ሰው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ፣ ከቡና ሥርዓቱ የሚነሱት ወደ 100 የሚጠጋ ካሎሪ ይዘው ነው፤ ቆሎውና ፈንዲሻው ሳይቆጠር። ከናይሮቢ እስከ ሞቃዲሾ በወተትና በስኳር የሚፈላው ሻይም ከዚህ አይለይም። በ80 ያለፈ የመሰለው ሰው በ300 አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ወር ሙሉ በሚዛኑ ላይ ለውጥ ካላየ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ዘይቱንና ስኳሩን ነው።

"አንዴ ከፈረሰ" የሚለው ሐሳብ

ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ኸርማንና ዲቦራ ማክ በ1975 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለተማሪዎች ወተትና አይስክሬም የተቀላቀለበት መጠጥ ሰጥተው ቀጥሎ አይስክሬም አቀረቡላቸው። አመጋገባቸውን የማይቆጣጠሩት መጠጡን ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ቀነስ አድርገው በሉ። ሁልጊዜ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩት ግን ተቃራኒውን አደረጉ፤ መጠጡን የጠጡት ካልጠጡት በላይ በሉ። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለሁሉም እኩል የፒዛ ቁራጭ ሰጥቶ፣ ለአንዳንዶቹ ድርሻቸው ከሌላው የሚበልጥ አስመሰለው። ራሳቸውን ከሚቆጣጠሩት መካከል ብዙ የበሉ የመሰላቸው በኋላ ብስኩት አበዙ። የበሉት እኩል ነው፤ የተለየው ገደቡን አልፈናል የሚለው ስሜት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ስሜቱ በቋንቋው ውስጥም አለ። ጾም የሚለው ቃል ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስትናም ሆነ በእስልምና ጾም የራሱ ሰዓትና የተከለከለ ነገር አለው፤ ሰው ወይ ጾሟል ወይ ገድፏል። የካሎሪ ገደብ ግን የመጠን ጉዳይ ነው፤ በ580 ካሎሪ የዋለ ሰው ምንም አልገደፈም።

መቁጠር የማይገባበት ጊዜ

የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በተለይም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ምግብ ሲቀንሱ የደማቸው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ የተለመደው ምክር 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። ይህ ወደ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም 60 ካሎሪ ነው። የዕለቱን ገደብ ላለማለፍ ብሎ ይህን ማዘግየት ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። በረመዳን ለሚጾሙ የስኳር ሕሙማን የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ስኳራቸው ከ70 በታች ሲወርድ ጾማቸውን ወዲያው እንዲያፈርሱ ይመክራል።

በደቡብ አውስትራሊያ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸው 137 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት፣ 'አምስት ለሁለት' ከዕለታዊ ቅነሳ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። እዚያ ግን ስኳራቸው ሊወርድ ለሚችል ተሳታፊዎች መድኃኒታቸው አስቀድሞ ተስተካክሎላቸው ነበር። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉና ቀድሞ የአመጋገብ መዛባት ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ደግሞ ሥርዓቱን፣ በ500ም ሆነ በ800 ካሎሪ፣ እንዲጀምሩት አይመከርም።