አምባና ጠባቂዎቹ

የአገራችን ደጋ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሜዳ አይደለም። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ድንጋይ በንብርብር ከረጋ በኋላ እንደ ተከዜና እንደ በሽሎ ያሉት ወንዞች እየሸረሸሩት በሸለቆዎቹ መካከል አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል የሆነ ተራራ ቀረ፤ ይህንም ሕዝቡ አምባ ይለዋል። አምባ ለመሸሸጊያ፣ ለግዞትና ለምሽግ ማገልገሉ የታወቀ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን አምባን የሚያስከብረው ከፍታው ብቻ ነውን? የሚለውን ጥያቄ ነው።

የከፍታውን ጥቅም አንክድም። በትግራይ የሚገኘው ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ የሚወጣው በገመድ ነው፤ ገደሉም 15 ሜትር ያህል ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ እቴጌ ሰብለ ወንጌል በዚያ ተጠግተው ነበር፤ በ1533 ዓ.ም. የፖርቱጋል ወታደሮች እስኪደርሱላቸውም ድረስ ጠላት አልደረሰባቸውም። ነገር ግን ነገሥታቱ የዘውድ ተወላጆችን የሚያስጠብቁበት፣ በአምባሰል የሚገኘው አምባ ግሸን በዚያው ጦርነት ተያዘ። ሁለቱም አምባ ነበሩ፤ ዕድላቸው ግን አንድ አልሆነም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እያስጠረጉ በወራት ድካም አስጎተቱት። የእንግሊዝ ጦር በበኩሉ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ 600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አቀበትና ቁልቁለት ተጓዘ። ይህ ሁሉ ገደል ሳለ ለምን አልተገታም? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትግራይን የያዙት ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መንገዱን ፈቀዱ፤ ላስታ የዋግ ሹም ጎበዜ ነበር፤ ሸዋም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ባመለጡት በምኒልክ እጅ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊት ከከፍታው ወርዶ በአሮጌ ሜዳ ላይ ተዋጋና ተሸነፈ፤ ፊታውራሪውም በዚያ ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ አምባው ሲያዝ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። እንግዲህ መቅደላ የወደቀው እንግሊዞች በሽሎን ከመሻገራቸው በፊት፣ በዙሪያው ያለው አገር በከዳ ጊዜ ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በመቀሌ፣ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ የሠሩት ምሽግ በጦር ኀይል አልተሰበረም ነበር። የሚጠጡት ውሃ ከምሽጉ ውጭ ስለ ነበረ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ በተያዘባቸው ጊዜ ግን ምሽጉን ለቀው ወጡ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በኅዳር ወር በአምባላጌ ተራራ ላይ የነበረው የማጆር ቶዜሊ ጦር ተደምስሶ ነበር፤ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የአኦስታ መስፍን በዚሁ ተራራ ተከብቦ እጁን ሰጠ። ተራራው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ የያዘውን ሰው አላዳነም።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው መልክዐ ምድር ለታሪክ መድረክ እንጂ ፈራጅ አለመሆኑን ነው። ከፍታ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ የሚጠቀመው ግን ውሃና እህል ያለው፣ ከሁሉም በላይ ከታች የሚኖረው ባላገር የሚወደው ሰው ነው። ጓደኞቻችንም ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲመለሱ ስለ አካባቢያቸው አምባ ሽማግሌዎችን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን ምንጩ የት እንደ ሆነና መንገዱን ማን ይጠብቅ እንደ ነበረ ጭምር።