ፀሐይ ዳግም ትብረር?

ጡረታ የወጣ አውሮፕላን ምን ይደረግ? ሙዚየም ገብቶ ልጆች በጣታቸው እየጠቆሙ ይዩት? ወይስ ነዳጅ ተሞልቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ በበዓል ቀን ከሕዝብ ራስ በላይ ይብረር? በአውሮፕላን ወዳጆች ዘንድ ይህ ክርክር አያረጅም። በተለይ የሚጦፈው ደግሞ ኮንኮርድ ሲነሣ ነው። ኮንኮርድ ከድምፅ በእጥፍ ፍጥነት መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሰናበተ። «ከቀሩት አንዱን እንኳ ለአየር ትርኢት አስነሡልን» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ።

«ይኼ የፈረንጆች የቅንጦት ጭቅጭቅ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ያገባናል። እኛም አንዲት ጡረተኛ አለችን።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጣሊያን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ ማስረከቧ ተነገረ። ስሟ ፀሐይ ይባላል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር እዚሁ አገራችን ውስጥ የሠራት ናት። ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በ1928 ዓ.ም.፣ ወረራው በተጀመረባቸው ወራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባች፤ ፀሐይም ተማረከች። ተጭና ሮም ሄደች፣ ኋላም በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለእይታ ቆመች። አገሯን ዳግም ያየችው ከ88 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ስሟን የሰጠቻት ልዕልት ዕድሜዋ አጭር ነበር። በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተማረች፣ ከነፃነት በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ በ1934 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ አረፈች። አውሮፕላኗ በባለስሟ ላይ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረችባት ማለት ነው።

ታዲያ ፀሐይ ከተመለሰች ወዲህ ከጓደኞቼ አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይል በዓል ሲከበር ለምን አትበርም? ሞተሯ ተጠግኖ አንድ ዙር ብትዞር ምን አለበት?»

እኔ የዘመሮ ልጅ ነኝ። ይህን ጥያቄ በቀልድ ማለፍ ያቅተኛል። ምክንያቱን ላስረዳ።

መንዝ አውሮፕላንን የተዋወቀው በመጥፎ ቀን ነው። በወረራው ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚያወርድ ነገር ነበር። በአምስቱ ዓመት የመንዝ ገደልና ዋሻ የአርበኞች መጠጊያ ሆነ። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ መግቢያ ላይ በዘረት፣ የአገሬው ሰው አመፀኛ ዋሻ በሚለው ቦታ፣ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ተከበቡ። የጣሊያን ጦር በዋሻው ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት መካከልም በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ረሸነ። የአገሬው ሰው ነገሩን አልረሳውም። የቀረው ዓለም ግን የሰማው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሱን አገር ወታደራዊ ሰነድ አገላብጦ ሲጽፍ ነው። ቀጥሎም አርኪዮሎጂስቶች ዋሻው ድረስ ሄደው የሰዎቹን አጥንትና የቤት ዕቃቸውን አጠኑ።

አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ቀና ብላ አታይም ነበር። ጎንበስ ትላለች። እኛ ልጆቹ ደግሞ ሜዳ ላይ እየሮጥን ለመንገደኛ አውሮፕላን እጃችንን እናውለበልባለን። አንድ ሰማይ፣ አንድ ድምፅ፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ እኛ እንጨፍራለን።

ስለዚህ ፀሐይ ስትመለስ የተሰማኝን ነገር መገመት ትችላላችሁ። የጣሊያን አውሮፕላኖች በእኛ ላይ በሚዘንቡበት በዚያው ዓመት በእኛው ምድር የተሠራች አውሮፕላን ነበረች። እኛ ከታች ሆነን የምንደበደብ ብቻ እንዳልነበርን የምትመሰክር ዕቃ ናት። ልቤ «ትብረር! በመንዝ ሰማይ ላይም ትለፍ!» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ልብ ያለውን ሁሉ እጅ አያደርገውም። እስቲ ከኮንኮርድ እንማር።

ኮንኮርድ በጠቅላላው 20 ብቻ ተሠራ፤ ከእነዚህ አየር መንገድ ገብተው መንገደኛ የጫኑት 14 ናቸው። ወደ 18,000 ሜትር ከፍታ ወጥቶ በሰዓት ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር። በዚያ ፍጥነት ከአየሩ ጋር ሲፋተግ አፍንጫው ከፈላ ውኃ በላይ ይግላል፤ ሙሉ አካሉ ከሙቀቱ የተነሣ በርዝመት ይለጠጣል። በሰዓት ከ20 ቶን በላይ ነዳጅ ይጠጣል። ከድምፅ በላይ ሲፈጥን የሚያሰማው ፍንዳታ ግን መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ በዚህ የተነሣ ብዙ አገሮች በየብስ ላይ በዚያ ፍጥነት እንዳይበር ከለከሉት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህን አውሮፕላን ለአየር ትርኢት ብታስነሡት ተመልካቹ ምን ያያል? በሜዳ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ የሚያልፍ ነጭ አውሮፕላን። ኮንኮርድን ኮንኮርድ ያሰኘው ፍጥነት አይታይም፤ ከሕዝብ በላይ አይፈቀድምና። ውድድር ላይ እንዳይሮጥ የተከለከለ ፈረስ ማለት ነው፤ ኮርቻው ብቻ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። አውሮፕላንን የሚያበረው ብረቱ ይመስለናል። የሚያበረው ዕውቀት ነው። ኤርባስ የኮንኮርድን የጥገና ድጋፍ ማቆሙን ባስታወቀ ጊዜ ነገሩ አበቃ። መለዋወጫውን የሚሠራው ፋብሪካ፣ ሰነዱን የሚያድሰው መሐንዲስ፣ «ይህ አውሮፕላን ለመብረር ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው ድርጅት ሁሉ ከሌሉ ብረቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

እንግሊዞች ይህን ቮልካን በተባለው አሮጌ ቦምብ ጣያቸው አይተውታል። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ አንዱን አስጠገነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ሰማይ ላይ ታየ፤ ሰው እያለቀሰ አጨበጨበለት። ያቆመው የብር እጥረት ብቻ አልነበረም። የሚደግፉት ኩባንያዎች ይህን አውሮፕላን በቅጡ የሚያውቅ ባለሙያ እየተመናመነ መሄዱን ተናግረው ድጋፋቸውን አነሡ። ሰዎቹ ጡረታ ሲወጡ አውሮፕላኑም አብሯቸው ወጣ።

ሦስተኛው የሰው ሕይወት ነው። ከድምፅ በላይ የሚፈጥነው የሶቪየቱ ቱፖሌቭ 144 ከኮንኮርድ ሁለት ወር ቀድሞ የበረረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን በፓሪስ የአየር ትርኢት ላይ ተሰባብሮ ወደቀ፤ ውስጡ የነበሩት 6 ሰዎችና መሬት ላይ የነበሩ 8 ሰዎች ሞቱ። ያኔ አውሮፕላኑ ገና አዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ ሾረም ላይ አንድ የድሮ ተዋጊ ጄት ትርኢት ሲያሳይ አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ 11 ሰው ገደለ። በ2018 ስዊዘርላንድ ውስጥ በ1939 የተሠራ ዩንከርስ 52 ጎብኚዎችን ይዞ ተራራ መካከል ወደቀ፤ 20 ሰው አለቀ። በሾረም የሞቱት መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእኛን ናፍቆት ዋጋ ሌላ ሰው ሲከፍለው ናፍቆቱ መልኩን ይቀይራል።

አሁን ተቃራኒውን ሐሳብ በደንብ ላቅርብ። ጠንካራ ሐሳብ ነውና፤ ምሳሌውም ከሰፈሬ ብዙም አይርቅም። የመንዝ ጓሳን ታውቁ ይሆናል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሰፊ የደጋ ሣር ነው። ጓሳን ለዘመናት ያቆየው የአገሬው የራሱ ሥርዓት ነው፣ ቀሮ ይባላል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያስግጥም። ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ ያጭዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ጓሳ የተረፈው ሰው ስለሚጠቀምበት ነው። የማይጠቅመውን ነገር ማን ይጠብቃል? የ«ትብረር» ወገኖችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ይረሳል፤ አቧራ ይውጠዋል፤ ልጆች ይሰለቹታል።

እውነት አላቸው። ግን ጓሳ ታጭዶ ይበቅላል። ፀሐይ አትበቅልም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዳኮታውን፣ ማለትም ዲሲ 3ን እንውሰድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ ድረስ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ነበሩ። የዚህ አውሮፕላን የጦር ሠራዊት ዓይነቱ ብቻ በሺዎች፣ ከ10,000 በላይ ተሠርቷል። መለዋወጫው ሞልቷል፤ አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚያውቀው መካኒክ ዛሬም በየአገሩ ይገኛል። አንዱ ቢጎዳ ሌላው አለ። ዳኮታ ጓሳ ነው፤ ይታጨድ፣ ይብረር። ፀሐይ ግን አንዲት ናት።

ደግሞስ የምትበረው እሷ ራሷ ናት ወይ? የዚያ ዘመን ትንንሽ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከቀጭን የብረት ቱቦና ከሸራ ይሠሩ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፈው እንጨትና ሙጫ ሰው ተሸክሞ እንዲወጣ ማንም ኃላፊ አይፈርምም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም የሚይዘው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ እንጨቱ ይቀየራል፣ ሸራው ይቀየራል፣ ሞተሩ ይቀየራል። በመጨረሻ የሚበረው አዲስ አውሮፕላን ነው፤ አሮጌዋ ደግሞ ተበታትና መጋዘን ውስጥ ትቀራለች። ከሮም በልመና ያስመለስነውን ቅርስ በገዛ እጃችን አፈረስነው ማለት ነው።

ታዲያ ዝም ብላ ትቁም? አልልም። መልሱን አባቶቻችን ድሮ ሰጥተውበታል፤ ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በየደብሩ ያለውን የብራና መጽሐፍ ተመልከቱ። ዳዊቱ በየቀኑ ይደገማል፤ ገጹ በጣት ይጠቁራል፤ ጥራዙ ይላላል። ሲያረጅ ምን ይደረጋል? ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ከአሮጌው ፊደል በፊደል ይገለብጣል። አሮጌው ዕቃ ቤት ይገባል። አዲሱ ይደገምበታል። በዚህ መካከል የማይታይ ሦስተኛ ነገር ተርፏል፤ የጸሐፊው እጅ። ብራና ማዘጋጀት፣ ቀለም ማውጣት፣ ቁም ጽሕፈት ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ያለፈው መጽሐፉ ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ ስለተገለበጠ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ፀሐይ ትቀመጥ፤ ግልባጯ ትብረር። ወጣት መሐንዲሶች፣ አናጺዎች፣ መካኒኮች አሮጌዋን ሳይነኩ ይለኳት፣ ይሣሏት፣ እያንዳንዷን መጋጠሚያ ያጥኗት። ከዚያ በዛሬ ደኅንነት መስፈርት፣ በአዲስ ሞተር፣ በአዲስ እንጨት እኅቷን ይሥሯት። ትርኢት ላይ የምትበረው እሷ ትሁን። ብትጎዳ ትጠገናለች፤ ብትሰበርም ሌላ ትገለበጣለች፤ እናቲቱ አለችና። ኮንኮርድን እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ያንን ሞተር ዳግም ለመሥራት መንግሥታት ያወጡት ዓይነት ወጪ ያስፈልጋል። ፀሐይ ግን ትንሽ ናት። ትንሽነቷ ለእኛ ዕድል ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ይከፈላል። ስለ ፀሐይ ሲወራ የዌበር ስም ይጠራል፤ ይገባዋልም። አብረውት የሠሩት ኢትዮጵያውያን ግን ብዙውን ጊዜ በጅምላ «ረዳቶች» ተብለው ይታለፋሉ። እንጨቱን የላጉት፣ ሸራውን የወጠሩት፣ ብሎኑን ያጠበቁት እነሱ ናቸው። ዕውቀታቸው በጣቶቻቸው ውስጥ ነበረ፤ ወረራው መጣና ተቋረጠ። ጣሊያን አውሮፕላኗን መለሰች። ያንን የተቋረጠ ሙያ ግን ማንም በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ጭኖ አይመልስልንም፤ መልሶ የሚጀምረው የሚሠራ እጅ ብቻ ነው።

ፀሐይን በመስታወት በኩል የሚያይ ልጅ «ድሮ ሠርተን ነበር» ይላል። ግልባጯ በላዩ ስታልፍ የሚያይ ልጅ ግን «ማን ሠራት?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያን ቀን «እገሌና እገሊት፣ የእነ እገሌ ልጆች» ተብሎ በስም እንዲመለስለት እፈልጋለሁ።