የአባቴ መኪና እና የካዕቧ ጭረት

ባለፈው ክረምት አሰላ የቤተሰቤን ቤት ሳጸዳ ከቆጡ ላይ የአባቴን ኦሊቬቲ አገኘሁት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሰው ብሶት ይተይባል። የቁልፎቹ ግማሽ ተጣብቀዋል፤ ሲጫኗቸው ይወርዳሉ እንጂ አይመለሱም።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ የቁልፍ ጥበት ታሪክ ነው። ገበታችን 33 ፊደላት በሰባት ድምፅ፣ 231 ሆሄ አለው፤ መኪናው ግን አርባ ምናምን ቁልፍ። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ መላ የፈለጉለት ለዚህ ነው። በአባቴ መኪና መላው ፊደልን መቆራረጥ ነው፦ ግዕዙ በአንድ ቁልፍ፣ የካዕብ ጭረት በሌላ ተመቶ አንድ ቦታ ይገጥማሉ። ዩኒኮድ ለየሆሄው የራሱን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ሽፋኑን ፈታሁ። የደረቀውን ቅባት በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ፤ የላሉትን ሞላዎች ቀየርኩ። ከዚያ «ሁሉ» ብዬ ብመታ «ሀለ» ወጣ! የካዕቧ ጭረት ተሰብራለች። አንድ ወርቅ ሠሪ ጓደኛዬ ሊበይድልኝ ተስማማ።

እሱን ስጠብቅ የአባቴን የካርቦን ቅጂዎች ገለጥኩ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ በጭላሎ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያቀርብ ምርት ጨመረ፤ ባለመሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ማፈናቀል ያዙ። መሬት ከባለርስት እጅ የወጣው በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት የተፈናቀሉ ሰዎች ያስጻፏቸው ማመልከቻዎች እጄ ላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀን የላቸውም፣ የጸሐፊ ስምም የለባቸውም። በአንዳንዶቹ «ሁሉ» ሙሉ ነው፤ በሌሎቹ «ሀለ»። ቀን ያላቸውን ሳስተያይ ጭረቷ የተሰበረችው በ1964 እና በ1965 መካከል ነው። ቀን አልባዎቹን በፊትና በኋላ ለመለየት ያለችኝ ምስክር እሷው ናት።

ጭረቷን ባስበይዳት ወረቀቶቹ ከዚህ መኪና መውጣታቸውን የሚያሳይ ነገር አይቀርም። ጓደኛዬን «ተወው፣ ይቅር» አልኩት። አኩርፏል፤ እኔም ሥራውን በግማሽ የተውኩ ያህል ተሰምቶኛል።

ቁልፎቹ አሁን ይመለሳሉ፤ «ሁሉ» ግን ዛሬም «ሀለ» ነው። ለመገናኛችን መኪናውንም ቅጂዎቹንም ይዤ እመጣለሁ። መምህራኖቻችን እዩልኝ። እናንተም ከቤታችሁ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ማመልከቻ ካለ፣ እባካችሁ፣ ሳትጥሉት «ሁሉ»ውን ተመልከቱ።