የሸክላ ጌጥና የሸክላ ሠሪ ክብር

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ዜናና በጦርነት ወሬ ብቻ ተጽፎ አያልቅም፤ የጓዳ ዕቃም ለሚመረምረው ሰው የታሪክ ምስክር ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከምትገኘው ከዎላይታ ሶዶ ገበያ የሸክላ ዕቃ ይዘን፣ ጌጡ እንዴት እንደሚወጣና የሠራችውም ሴት በወገኖቿ ዘንድ ምን ቦታ እንደ ነበራት ለመመልከት አስበናል።

የአገራችን ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ወቅጣና አሽታ ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ ታበጀዋለች። ጌጡ የሚወጣው ጭቃው ፈጽሞ ሳይደርቅ ነው፤ በሹል እንጨት መስመር ትጭርበታለች፤ በውሃ የቀጠነ ቀይ አፈር ትቀባዋለች፤ ከዚያም እስኪያበራ ድረስ በለስላሳ ጠጠር ትወለውለዋለች። በመጨረሻም በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር እሳት ትተኵሰዋለች።

እንዲህ ያለው እሳት ጭቃውን ያጠነክረዋል እንጂ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን አይደፍንም። የመካከለኛው ምሥራቅና የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ብርጭቆ በሚመስል ቅብ ደፈኑት። የእኛዎቹ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። እንስራውን ቀዳዳውን ይተዉለታል፤ ላቡ እየተነነ ውሃውን ያቀዘቅዛልና። ምጣዱን ግን በተወቀጠ የጎመን ዘር እያሰሱ በእሳት ያሟሹታል፤ ቅባቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቃጠል ፊቱ ይጠቁራል፤ እንጀራም አይዝበትም። ዛሬ ለጌጥ ብቻ የሚሠራውን ሸክላ በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ መቀባት ተለምዷል። ይህም ቢሆን ሸክላው እስከ ውስጡ ካልደረቀ፣ የቀረው እርጥበት ቀለሙን እየገፋ ይልጠዋል።

ዳሩ ግን የሁሉን ጓዳ የሞላችው እጅ ራሷ ከማዕድ የራቀች ነበረች። በዎላይታ ሸክላ ሠሪዎች «ጪናሻ» ይባላሉ። እንደ አንጥረኛውና እንደ ቆዳ ፋቂው ሁሉ ከገበሬው ጋራ በጋብቻ አይተሳሰሩም፤ መሬት ከመያዝም ርቀው ይኖሩ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦና ድል ሆነው ዎላይታ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ አገዛዙ ተለወጠ፤ ይህ ልዩነት ግን አልተለወጠም። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ በጎ ነበር፤ ነገር ግን ምላስን ይገታል እንጂ መሬት አይሰጥም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ ሊያርስ ለወደደ ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲደለደል ወሰነ። በዚህም የሸክላ ሠሪ ልጅ ከገበሬ ልጅ ጋራ በሕግ ፊት እኩል ሆነ።

ሕግ በር ይከፍታል፤ በማዕድ አብሮ መቀመጥ ግን የሰው ፈቃድ ነው። እንግዲህ አስተማሪው ስለ ጥንት ሥልጣኔ ሲያስተምር የመንደሩን ሸክላ ሠሪ እንደ ባለሙያ ቢጠቅሳት፣ ሹሙም ገበያ ሲያደራጅ የተሻለውን ቦታ ቢሰጣት፣ ዐዋጁ የጀመረውን ይፈጽማሉ። ጌጡን እያደነቅን ሠሪዋን ብንንቅ ግን፣ ቅባቱ ከላይ ቀርቶ ወደ ውስጥ ያልሰረገ ምጣድ እንሆናለን።