ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ፦ የአንድ ተቃዋሚ ንባብ



እኔ ተማሪ በነበርሁበት በ1966 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን መውቀስ የዕውቀት ምልክት ነበር። የወሎ ረኀብ ሲደበቅ ዙፋኑ ላይ የነበሩት እርሳቸው ናቸውና ያንን ወቀሳ ዛሬም አላነሣም። ሆኖም ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለሌላ ጥናት ስዘጋጅ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ፤ ያላሰብሁት አክብሮትም አደረብኝ።

ማይጨው ላይ ጦሩ ከተሸነፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደዋል፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማዋን ይዟል። እነ ብላታ ተክለ ወልደ ሐዋርያት ስደቱን ተቃውመው ነበር። እኔም የእነርሱ ወገን ነበርሁ፤ በእርግጥ ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ መጀገን ቀላል ነው።

መድረኩ ላይ ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሰደቧቸው። ሁከተኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ በጸጥታ ጠበቁ፤ ከዚያም ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ።

የጠበቅሁት ልመና ነበር፤ ያገኘሁት ግን የክስ ማመልከቻ ነው። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ በመከታተል መርዙን እንዴት እንደ ጉም እንደ ዘረጉት፣ ከወታደሩ አልፎ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ውሃውና ግጦሹ እንዴት እንደ ተበከለ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ስለ ራሳቸው ጥቂት ብቻ ይናገራሉ፤ ከኢጣሊያ የቀረበላቸውን የግል ጥቅም ሕዝባቸውንና ቃል ኪዳኑን ላለመክዳት ሲሉ እንዳልተቀበሉ ይገልጻሉ። ከዚያ ክርክሩ ይሰፋል፦ የተጣሰው የኢትዮጵያ ድንበር ብቻ ሳይሆን ትንንሽ አገሮች ሁሉ የተማመኑበት ውል ነው።

ልቤን ያሸነፈው ይህ ነው። በ1916 ዓ.ም.፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ አገራቸው የማኅበሩ አባል እንድትሆን የደከሙት እርሳቸው ናቸው። በሕግ ላይ የጣሉት እምነት ከንቱ ሆኖባቸው ሳለ እንኳ ሕጉን አልናቁም፤ ፈራሚዎቹን በፊርማቸው ያዟቸው። በዚያ ስፍራ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አልነበራቸውም።

የስደቱ ጥያቄ ግን በንግግሩ አይዘጋም። ሸዋ ውስጥ፣ ጎጃም ውስጥ በጫካ የቀሩት አርበኞች ጥያቄ ነውና።

አዳራሹን በተመለከተ ውጤቱ አጭር ነው። ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት በቀናት ውስጥ ወሰነ። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ብድር ለድምፅ ሲቀርብ 23 አገሮች ተቃወሙ፣ 25 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ አንዲት አገር ብቻ ደገፈች፤ እርሷም ኢትዮጵያ ነበረች።